የሕዝብ ብዛትና የመሬት ሚዛን በደጋ ሰሜን ሸዋ፦ ለአንድ ቀበሌ እንዴት ይሰላል?

ደጋ_ዲኤ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባሶና ወራና ወረዳ ደጋው ላይ ላለ አንድ ቀበሌ የተፋሰስ ዕቅድ መነሻ ሰነድ በዝግጅት ላይ ነው። ረቂቁ «የሕዝብ ቁጥር መጨመር ለተፈጥሮ ሀብት መመናመን ዋና ምክንያት ሆኗል» ይላል፤ ከሥሩ ግን አንድም ቁጥር የለውም። ገምጋሚዎች «ስንት ሰው፣ ስንት ጭስ፣ ስንት ማገዶ፣ ስንት ውሃ?» ብለው መልሰውታል። እውነታቸውን ነው።

በእጅ ያለው የቀበሌው መዝገብ (605 አባወራ፣ 2,600 ሰው)፣ 900 ሄክታር የሚታረስ መሬት፣ አንድ የጎለበተ (በግንብና በቧንቧ የተሠራ) ምንጭና በየዓመቱ ተሠርቶ በየዓመቱ የሚታረስ እርከን ነው። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ በሌለበት የዕድገት መጠኑ ከየት ይመጣል? የማገዶና የኩበት ፍጆታ ያለ ትልቅ ጥናት እንዴት ይለካል? ገበሬው እርከኑን የሚያፈርሰውስ በእውነት «ግንዛቤ አንሶት» ነው? ምንጩ ስንት ሰው እንደሚችል የሚሰላበትን መንገድም ብትጨምሩልኝ።

---

ቆጠራ_ወዳጅ

ወንድሜ፣ ከሰው ቁጥሩ ልጀምርልህ።

የሰሜን ሸዋ ዞን በ1987ቱ ቆጠራ 1.56 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበረው፤ በ1999ኙ 1,837,490 ሆነ። ውድሩ 1.177 ነው። በስልክህ ካልኩሌተር ላይ ln (የተፈጥሮ ሎጋሪዝም) የሚለውን ስትጫን 0.163 ይሰጥሃል። ይህን በመካከል ላለው ጊዜ አካፍል። ብዙ ሰው 12 ዓመት ብሎ ያካፍላል፤ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ቆጠራ በጥቅምት 1987፣ ሁለተኛው በግንቦት 1999 ስለሆነ ልዩነቱ 12.6 ዓመት ነው። ውጤቱ በዓመት 1.3 በመቶ። የአገሪቱ ዕድገት በዚያው ዘመን 2.6፣ የአማራ ክልል 1.7 በመቶ ተብሎ ነበር። ዞናችን ከሁለቱም በታች ነው ማለት ነው።

አሁን ደብረ ብርሃንን ለብቻ እይ፦ ከ38,717 ወደ 65,231። በዚሁ ሂሳብ በዓመት 4.1 በመቶ። 70ን ለዕድገቱ ስታካፍል ቁጥሩ እጥፍ የሚሆንበት ዘመን ይወጣል፤ ለዞኑ 54 ዓመት፣ ለከተማዋ 17 ዓመት። ገጠሩ አልወለደም ማለት አይደለም። ወልዷል፤ የወለደው ግን አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ ወርዷል። ስለዚህ «ሕዝብ ስለበዛ» የሚለው ቃል ለደጋ ቀበሌና ለከተማ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። የከተማው ጫና ወደ ቀበሌህ የሚመጣው በሰው ብዛት ሳይሆን በባህር ዛፍ፣ በከሰል፣ በድንጋይና በአሸዋ ጭነት መኪና ነው። ያንን ለብቻ ጻፈው።

ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የወረዳ ስም። በ1987 ላሎ ማማ ምድር የተባለው ወረዳ በ1999 መንዝ ላሎ ምድርና መንዝ ማማ ምድር ተብሎ ተከፍሎ ተቆጥሯል። ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤልም እንዲሁ ለሁለት ወጥቷል። ስም ለስም ያነጻጸረ ሰው መንዝ ውስጥ ሕዝቡ በግማሽ ያለቀ ይመስለዋል። ቀበሌ ደግሞ ከወረዳ ይብሳል፤ ሲዋሃድና ሲከፈል ኖሯልና ድንበሩን ሳታጣራ ሁለት ዘመን አታነጻጽር።

መዝገብ። የቀበሌው የአባወራ መዝገብ በአብዛኛው የመሬት ግብር ከፋዩን ነው የያዘው። መሬት የሌለው፣ አግብቶ በአባቱ ግቢ ጎጆ የቀለሰ ወጣት እዚያ ውስጥ የለም። እሱ ግን እሳት ያነዳል፤ ውሃ ይቀዳል። ጤና ኬላ ያለው የቤተሰብ ማህደር ቤት በቤት የተሞላ ስለሆነ ከሱ ጋር አስተያየው። ልዩነቱ ራሱ ጥሩ መረጃ ነው፤ መሬት አልባው ስንት እንደሆነ ይነግርሃል።

ጥግግት። የዞኑ ስፋት 15,936 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ስታካፍለው 115 ሰው በካሬ ኪሎ ሜትር። የጀማ ገደል ግን አይታረስም። አንተ 2,600ን ለ900 ሄክታር እርሻ አካፍል፤ በሄክታር 2.9፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 289 ሰው። ሰነዱ ላይ መግባት ያለበት ይህኛው ነው።

---

እሳት_ዳር

ከላይ ያለው ሂሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማገዶ የሚቆጥረው ራስን ሳይሆን ጉልቻን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰነድ ይሳሳታል።

በ1999 ቆጠራ በዞኑ 429,423 ቤተሰብ ተቆጥሯል፤ በአማካይ 4.28 ሰው በአንድ ቤት። የአንተም መዝገብ ሲካፈል 4.3 ነው የሚመጣው። እንበልና ቀድሞ ቀበሌው 400 ቤት፣ በየቤቱ 5.5 ሰው ነበረው፤ 2,200 ሰው። አሁን 2,600 ሰው በ605 ቤት። ሰዉ የጨመረው 18 በመቶ ነው፤ ጉልቻው ግን 51 በመቶ። (የ400ው ቁጥር ምሳሌ ነው፤ ያንተን ከቀድሞ መዝገብ ፈልግ።) ምጣድ ለማጋል የሚወጣው እሳት ሠላሳ እንጀራ ቢጋገርም አሥራ አምስት ቢጋገርም ያው ነው። ልጅ አግብቶ ሲወጣ አፍ አልተጨመረም፤ ምጣድ ግን ተጨመረ።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ከቀበሌው 20 ቤት በዕጣ ምረጥ፤ ከሀብታሙም ከድሃውም ይግባ። ተንጠልጣይ ሚዛን ያዝ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ክምር እንጨትና አንድ ክምር ኩበት መዝነህ «ከዚህ ብቻ አንድዱ» ብለህ ትተህ፣ ከሰባት ቀን በኋላ የቀረውን ትመዝናለህ። ሦስት ቀን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኛ አገር ግን እንጀራ በየሁለት ሦስት ቀኑ ስለሚጋገር የሦስት ቀን ልኬት አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ ሲጋግር፣ ሌላውን አንዴም ሳይጋግር ሊያገኘው ይችላል። ሰባት ቀን ይሁን። የጠላ ጥንስስ፣ ተዝካር፣ ማኅበር ያለበትን ሳምንት ለብቻ መዝግብ እንጂ ከአማካዩ ጋር አትቀላቅል። እርጥብ እንጨት ከተመዘነ ውሃ ነው የመዘንከው፤ ሁለት ሳምንት የደረቀ ይሁን። በክረምትና በበጋም ይለያያል፤ ቢቻል ሁለቴ ለካ።

ውጤቱ በቀን 2 ኪሎ እንጨትና 5 ኪሎ ኩበት ሆነ እንበል። ኩበት ሙቀቱ ከደረቅ እንጨት ስለሚያንስ 1.2 ኪሎ ኩበት እንደ 1 ኪሎ እንጨት ቁጠረው። ድምሩ ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል። በዓመት 2,190 ኪሎ፤ ለ605 ቤት 1,325 ቶን። በደጋ ላይ ያለ መካከለኛ ባህር ዛፍ በሄክታር በዓመት 10 ሜትር ኩብ ቢያድግ፣ አንዱ ሜትር ኩብ 0.6 ቶን ቢመዝን፣ 6 ቶን ነው። 1,325ን ለ6 ስታካፍል 221 ሄክታር። ቀበሌው ሁሉንም ማገዶውን ከዛፍ ያግኝ ቢባል የእርሻውን ሩብ የሚያህል መሬት ባህር ዛፍ መልበስ አለበት። ስለማይሆን ነው ኩበት የሚነደው።

የኩበቱ ዋጋ ደግሞ እነሆ። 5 ኪሎ በቀን፣ 1.8 ቶን በዓመት ነው። የደረቀ እበት ናይትሮጂኑ 1.5 በመቶ ቢሆን 27 ኪሎ ናይትሮጂን፤ ዩሪያ 46 በመቶ ስለሆነ ይህ ወደ 59 ኪሎ ዩሪያ ይመጣል። አንድ ቤት በዓመት ከግማሽ ኩንታል በላይ ዩሪያ ምድጃ ውስጥ ይጨምራል ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ እኩል አይደሉም፤ እበት ማሳ ላይ ቢወድቅ በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። ነገር ግን እበቱ ከናይትሮጂኑ ሌላ አፈሩን ያለሰልሳል፤ ውሃም ያስይዛል። ዩሪያ ይህን አይሠራም። አመዱን ጓሮ መድፋት ፎስፈረሱንና ፖታሽየሙን ይመልሳል፤ ናይትሮጂኑ ግን በጭስ ሄዷል።

ስለ ምድጃ። ከቤት ማገዶ ከግማሽ በላዩ የሚሄደው ለእንጀራ ነው። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚጋገረው ጋር ሲነጻጸር የመጋገሪያውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የቤቱ ጠቅላላ ፍጆታ የሚቀንሰው በሩብ ገደማ ነው፤ «ምድጃ ማገዶን በግማሽ ይቀንሳል» ብለህ ከጻፍክ ገምጋሚ ይይዝሃል። ለቀበሌህ ከ1,325 ወደ 994 ቶን፣ ከ221 ወደ 166 ሄክታር። 55 ሄክታር ዛፍ ሳይተከል ተገኘ።

የሚበላሽበትን ጭምር ጻፍ። ምድጃው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሚቀረጽ ስድስት ቁራጭ ነው፤ አራቱ ዙሪያውን የሚይዙ፣ ሁለቱ የጭስ መውጫውና የድስት ማስቀመጫው። ተቀርጾ በማግስቱ ፀሐይ ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል፤ ሳምንት ያህል ጥላ ሥር ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ሲተከል መጋጠሚያው በጭቃ ካልተመረገ እሳቱ በስንጥቁ ያመልጣል። ምጣዱ ከአፉ ጠብቦ ወይም ሰፍቶ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ በዳር ይወጣና ዳሩ ያራል፤ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ባለቤቲቱ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጉልቻዋ ትመለሳለች። የተከፋፈለ ምድጃ ሳይሆን የሚሠራ ምድጃ ቁጠር፤ ከስድስት ወር በኋላ ሄደህ ጥቀርሻውን እይ።

---

ደጋ_ዲኤ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጉልቻው ነገር ፈጽሞ አልታሰበበትም ነበር። የእርከኑን ጉዳይ የሚያውቅ?

---

ውሃ_ልክ

«ግንዛቤ አንሶት» የሚለውን ከሰነዱ አውጣው። ገበሬው ሂሳቡን ከማንም በፊት ሠርቶታል።

መመሪያው የአፈር እርከን ቁመት ከተጠቀጠቀ በኋላ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የታች ስፋቱ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ይሁን ይላል። ቦዩ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር። በቦዩና በክምሩ መካከል የሚተወው ጠርዝ 20 ሳንቲ ገደማ። ደምረው፤ አንድ እርከን 2 ሜትር ወርድ መሬት ይወስዳል። በሁለት እርከን መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የከፍታ ልዩነቱ ለተዳፋቱ መቶኛ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ነው። ተዳፋቱ 8 በመቶ፣ የከፍታ ልዩነቱ 1.5 ሜትር ከሆነ 18.75 ሜትር፤ የሚጠፋው መሬት 11 በመቶ ገደማ። 15 በመቶ ተዳፋት ላይ በ2 ሜትር ልዩነት 13.3 ሜትር፤ የሚጠፋው 15 በመቶ። 20 በመቶ ላይ ደግሞ 10 ሜትር፤ አንድ አምስተኛው ሄደ።

አራት ጥማድን አንድ ሄክታር ብለን እናስብ። ስምንት ጥማድ ያለው ሰው 15 በመቶ ቢያጣ ይበላል። ሁለት ጥማድ ያለው ግን 750 ካሬ ሜትር ነው የሚሄድበት፤ በሄክታር 20 ኩንታል ገብስ ከሚሰጥ ማሳ 1.5 ኩንታል። እርከኑ አፈር ይዞ ምርት የሚጨምረው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ኩንታል ተኩሉ የሚጎድለው ግን ዘንድሮ ነው። የሕዝብ ብዛት መሬት የሚጎዳበት አንዱ እውነተኛ መንገድ ይኸው ነው፤ ይዞታው ሲያንስ መከላከያው ራሱ የማይቻል ወጪ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ክፍፍል ነው። የ1989 የመሬት ሽግሽግ ካለፈ ወዲህ አዲስ የሚታደል መሬት የለም፤ ወጣቱ የሚያገኘው ከአባቱ ማሳ ተቆርሶ ነው። ማሳው ሲከፈል ደግሞ ከላይ ወደ ታች እንደ ጨርቅ ይተለተላል። ምክንያቱ ፍትሕ ነው፤ ከላዩ ስስ፣ ከታቹ ወፍራም አፈር ስለሆነ ሁሉም ከሁለቱም ይድረሰው ይባላል። ውጤቱ ግን ወሰኑ ቁልቁል ይሆናል፤ ጠባብ ስለሆነም በሬ አግድም መዞሪያ ያጣና ቁልቁል ይታረሳል። በየወሰኑ ያለችው ትንሽ ፈሰስ በሦስተኛው ክረምት ቦረቦር ትሆናለች። እርከን ደግሞ አግድም ስለሚሄድ አራት ወንድማማቾችን ያቋርጣል፤ አንዱ ካፈረሰው ውሃው ተጠራቅሞ በሱ በር ይወጣና የሌሎቹንም ይንደዋል። ማሳ ከመከፈሉ በፊት እርከኑ ይቀየስ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ወራሽ አንድ እርከን ከላይ፣ አንድ እርከን ከታች ይድረሰው። ወሰኑም እርከኑ ይሁን። ሽማግሌዎች ይህን ለማስማማት ይችላሉ፤ ባለሙያው ቀድሞ ከተገኘ።

ስለ ቅየሳው። የ10 ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት እኩል ዘንግ፣ መሃሉ ላይ (ልክ 5 ሜትር ላይ) የሚንጠለጠል ውሃ ልክ። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ፍጹም ልሙጥ እርከን ውሃ አቁሮ ይደረመሳል፤ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ዝንባሌ ስጠው፣ ማለትም በ10 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ ካዘነበልክ ቦዩ ራሱ ይሸረሸራል። መውጫው ሳር የለበሰ የውሃ መውረጃ ወይም ድንጋያማ ቦታ ይሁን እንጂ የጎረቤት ማሳ አይሁን፤ አብዛኛው ጠብ ከዚህ ነው የሚነሳው። ሲባጎ ሲረጥብ ይለጠጣል፤ በየጠዋቱ በሜትር ለካው። ውሃ ልኩን አዙረህ ስትሰቅለው ሌላ ንባብ ከሰጠህ የሁለቱን አማካይ ውሰድ ወይም ውሃ ልኩን ጣለው።

የጠፋውን 2 ሜትር ማስመለሻው ሳር ነው። ክምሩ ላይ ፋላሪስ የተባለውን የመኖ ሳርና ትሪሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ ትከልበት። የትሪሉሰርን ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በፈላ ውሃ ካልተነከረ አይበቅልም፤ ውሃ የሚተኛበት ረባዳ ላይም ሥሩ ይበሰብሳል፤ ተዳፋቱ ላይ ግን ይስማማዋል። አጨዳና ልቅ ግጦሽ ግን አብረው አይሄዱም። ከብት አንድ ሳምንት ከገባበት ሳሩም እርከኑም የለም።

ሕጉንም ጥቀስ። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ (ቁጥር 456) ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት አይታረስም፣ ልቅ ግጦሽም አይገባበትም ብሎ ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ በጠረጴዛ እርከን (ተዳፋቱን እንደ ደረጃ በሚደለድል) ብቻ። ተዳፋቱን በካርታ ስትለይ ስንት አባወራ ከነዚህ መስመሮች በላይ እንደሚያርስ ይታይሃል። ያ ቁጥር ከ«ሕዝብ በዛ» የበለጠ ይናገራል።

በነገራችን ላይ መነሻ ልኬት ከፈለግህ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አንዲት ጥድ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አፈርና ጎርፍ ሲለካበት የኖረ ተፋሰስ ነው፤ ከባሶና ወራና ደጋ ጋር ይቀራረባል። የአገር አቀፉን ግምት፣ በእርሻ መሬት ላይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን የሚለውን (4 ሚሊ ሜትር ያህል አፈር ነው)፣ እንዳለ ገልብጠህ የቀበሌህ ቁጥር አታድርገው።

---

መንዜው

ሁሉም ነገር ከሰው ቁጥርና ከይዞታ ስፋት ጋር ሲታሰር አንድ ነገር ይረሳል፤ ሥርዓት።

መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳን የወል ሣር ምድር ውሰዱ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ውርጭ ምድር ነው። በቄሮ ሥርዓት (የወል ሣሩን በሚያስተዳድረው የአካባቢው ባህላዊ ደንብ) ሲጠበቅ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋና ሲደርስ ብቻ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ርስቱ ቀረ፤ ርስቱ ሲቀር የቄሮው ሥልጣን አብሮ ወደቀ። ሣሩ ያኔ የተጎዳው ሕዝቡ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆኖ አይደለም፤ «የሁሉም» የተባለው የማንም ስላልነበረ ነው። በኋላ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ኮሚቴ አቁመው እንደገና መዝጋትና መክፈት ሲጀምሩ፣ የሰው ቁጥር ከ1967 በላይ ሆኖ ሳለ ሣሩም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም አሉ።

ፍላጎትም ይለወጣል። ቆርቆሮ ሲገባ ለቤት ክዳን የሚታጨደው የጓሳ ሣር ቀነሰ፤ ለቆርቆሮው ማገር የሚቆረጠው ባህር ዛፍ ግን ጨመረ። ጫናው ከአምባው ወደ ማሳ ጠርዝ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ሰነድህ ላይ የወል ግጦሽ ካለ ሦስት ጥያቄ መልስበት፦ ማን ይዘጋዋል? የጣሰ ምን ይከፍላል? የተከፈተ ዕለት ማን ስንት ሸክም ያጭዳል? መልስ ከሌለ ሕዝቡ በግማሽ ቢቀንስም ያው ራቁቱን ይቀራል።

---

ቆጠራ_ወዳጅ

መንዜው ያለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ደንብ የሚሠራው ድርሻው ለሰው ትርጉም እስካለው ድረስ ነው። አንድ ሺህ ሸክም ሣር ለ200 ቤት አምስት አምስት ሸክም ነው፤ ለ1,000 ቤት አንድ አንድ። ለአንድ ሸክም ብሎ ዘብ የሚቆም የለም። ስለዚህ ተጠቃሚው እያደገ ሲሄድ ድርሻውን በቤት ከመደልደል፣ ሣሩን ሸጦ ገንዘቡን ለጥበቃና ለወል ሥራ ማዋል የሚሻልበት ደረጃ ይመጣል።

---

ጤና_ኬላ

ጠያቂያችን ሰነዱ ውስጥ «የቤተሰብ ምጣኔ ይስፋፋ» የሚል መስመር ማስገባትዎ አይቀርም። እባክዎ ባዶውን አያስገቡት።

በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 3.7 ልጅ ነበር፤ የአገሪቱ 4.6። ወሊዱ ወርዷል፤ ሕዝቡ ግን ማደጉን አላቆመም። ምክንያቱ ቀድሞ የተወለዱት ሴቶች ልጆች አሁን ለአቅመ ሔዋን መድረሳቸው ነው። ዛሬ ሁሉም ሁለት ብቻ ቢወልዱ እንኳ ቁጥሩ ለበርካታ ዓመታት ይጨምራል። ዕቅድዎ የአምስት ዓመት ከሆነ በቤተሰብ ምጣኔ የሚያድኑት ማገዶ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከምንም አይቆጠርም፤ ምድጃው ነው የሚሠራልዎ። የሃያ ዓመት ከሆነ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አያጋጩ።

የመውለጃ ዕድሜም ከልጅ ቁጥር ያላነሰ ይመዝናል። እያንዳንዷ ሴት ለአቅመ ሔዋን የሚደርሱ 1.5 ሴቶች ልጆች ትተካ እንበል። የመውለጃዋ አማካይ ዕድሜ 25 ከሆነ በመቶ ዓመት አራት ትውልድ ነው፤ ቁጥሩ 5 እጥፍ ይሆናል። 30 ከሆነ ሦስት ከሲሶ ትውልድ፤ ከ4 እጥፍ በታች። የልጅ ቁጥር አልተቀነሰም፤ ጋብቻ ብቻ ዘገየ። ስለዚህ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ያቋረጡ ሴቶች ቁጥር የተፋሰስ ሰነድ ውስጥ ቦታ አለው።

ጤና ኬላው ጋ የሚያዩት ሁለት ነገር ነው። የወሊድ መከላከያ መርፌው በየሦስት ወሩ ስለሆነ የመድኃኒት መዝገቡን ገልጠው ባለፉት 12 ወራት ስንት ቀን ባዶ እንደነበር ይቁጠሩ። «ተጠቃሚ» ተብላ የተመዘገበች ሴት መርፌው ባለቀበት ወር ተጠቃሚ አይደለችም። ሌላው በክንድ የሚቀበረው ነው። ሦስትም አምስትም ዓመት ያገለግላል፤ ማስገባት የሚችል ባለሙያ በቀላሉ ይገኛል፤ ማውጣት የሚችል ግን ጤና ጣቢያ ድረስ ሊያስኬድ ይችላል። አንዷ «አወጣልኝ ብዬ ተመላለስኩ» ካለች ጎረቤቷ አታስገባም። ማውጫ አገልግሎቱ በየት፣ በሳምንት ስንት ቀን እንዳለ ይጻፉ።

---

ምንጭ_ራስ

የምንጩ ሂሳብ አጭር ነው። የ20 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አድርገህ የሚሞላበትን ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ለካ፤ አማካዩን ያዝ። 40 ሴኮንድ ከሆነ 0.5 ሊትር በሴኮንድ፤ በቀን 43,200 ሊትር። ለገጠር የተያዘው መስፈርት በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ስታካፍለው 1,728 ሰው። ግን ቆይ፤ ከብቱም ከዚያው ይጠጣል። ለከብት 25፣ ለበግ 5 ሊትር ብትይዝ 300 ከብትና 1,000 በግ 12,500 ሊትር ይወስዳሉ። የቀረው 30,700 ሊትር ለ1,228 ሰው ነው። ይህም ማጠራቀሚያ ካለ ነው። ከሌለ የሌሊቱ ውሃ ፈስሶ ይሄዳልና ግማሹን ብቻ ቁጠር። ለ2,600 ሰው ሌላ ምንጭ ከመፈለግህ በፊት የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ገንዳ ሥራ፤ 12 ሰዓት በ0.5 ሊትር 21,600 ሊትር ስለሆነ 25 ሜትር ኩብ ይበቃዋል።

ከምንጩ ራስጌ ባህር ዛፍ ካለ ደግሞ በካርታህ ላይ አስገባው። ዛፉን «ነቅላችሁ ጣሉ» ብትል ማንም አይሰማህም፤ የገንዘብ ሳጥኑ ነው። ከምንጩ ቅርብ ያለው ሲቆረጥ ጉቶው እንደገና እንዳያቆጠቁጥ ተስማሙና በግራዋ ወይም በኮሶ ይተካ።

---

ደጋ_ዲኤ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምንጭ_ራስ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ልኬቱ መቼ ይሁን? ወረዳው በሚያዝያ የተለካ አለን ይላል።

---

ምንጭ_ራስ

የሚያዝያው አይሆንህም። እዚያ አካባቢ በልግ ስለሚዘንብ ሚያዝያ ላይ ምንጩ ጠግቦ ነው የምታገኘው። አንዴ በጥር መጨረሻ፣ በልጉ ሳይጀምር፤ አንዴ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሳይገባ ለካ። ከሁለቱ ትንሹን ያዝ። ጠዋት ሰው ሳይቀዳበት ለካ፤ ገንዳው ሞልቶ ከሚፈስበት ላይ ሳይሆን ከመግቢያ ቧንቧው ላይ ይሁን።